ስለ ባዕድ እንቁራሪቶች የወጣው ሕግና የሚሰጠው ትምህርት

የመንግሥት ሕግ የሚወጣው ስለ መሬትና ስለ ግብር፤ ስለ ንግድና ስለ ርስት፤ ስለ ወንጀልና ስለ ጦር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ከሰው መዳፍ ስለማትበልጥና በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለምትኖር እንቁራሪት ታላላቅ መንግሥታት መከሩ፤ ደነገጉ፤ መቀጫም ወሰኑ ቢባል ሰሚው ነገሩን እንደ ጨዋታ ሊቈጥረው ይችላል። ዳሩ ግን ነገሩ ጨዋታ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ጥፍራም እንቁራሪት የተባለችውን የደቡብ አፍሪካ ፍጥረት በኅብረቱ ግዛት ሁሉ ማስገባት፤ መሸጥ፤ ማርባትና ወደ ውሃ መልቀቅ እንዳይፈቀድ ያወጣው ድንጋጌ ከኦገስት 2 ቀን 2024 ጀምሮ ጸንቷል። የአሜሪካ መንግሥትም ጭራ ያላቸውን የእንቁራሪት ዘመዶች ማለት ሳላማንደሮችን ወደ አገሩ ማስገባት የሚከለክለውን ደንብ በጃንዋሪ 2025 አጽንቶ ወሰኑን አሰፋው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

ሕግ የሚያወጣም ሆነ ሕግ የሚያስፈጽም ሹም፤ ሕዝብን የሚመክርም ካህን፤ ከዚህች ትንሽ ፍጥረት ነገር ሊማረው የሚገባ ሁለት ቁም ነገር አለ። አንደኛው፤ ጉዳት የሚያመጣውን ነገር ከበር ሳይገባ መከልከል፤ ከገባ በኋላ ከማሳደድ ይልቅ እጅግ የቀለለ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ደግሞ፤ ሕግ ሲከለክል የሚታዘዙበትን መንገድ አብሮ ካላሳየ፤ ሊከለክለው የተነሣውን ጉዳት ራሱ ሊያመጣው የሚችል መሆኑ ነው። ይህንንም ለመረዳት ነገሩን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል።

ጥፍራሟ እንቁራሪት በተፈጥሮዋ በአፍሪካ ደቡብ በኩል በኩሬና በረግረግ የምትኖር ናት። ምላስ የላትም፤ በኋላ እግሮቿ ጣቶች ላይ ጥቍር ጥፍር ስላላት ስሟን ከዚሁ አገኘች፤ ዕድሜዋንም ሁሉ ለማለት በሚቻል መጠን በውሃ ውስጥ ታሳልፋለች። ይህች ፍጥረት ዓለምን የዞረችው መጀመሪያ ለመጫወቻ ተብላ አልነበረም፤ ለሕክምና ነበር። በ1930 ገደማ በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ሊቅ ላንስሎት ሆግበን፤ ከበሬ አንጎል ሥር ከሚገኘው ዕጢ የተዘጋጀ ፈሳሽ በመርፌ ሲሰጣት እንቁላል እንደምትጥል አስተዋሉ። ከዚህም የተነሣ ያረገዘች ሴት ሽንት በመርፌ ሲሰጣት እንቁራሪቷ አንድ ቀን ሳይሞላ እንቁላል የምትጥል ሆና ስለ ተገኘች፤ ሐኪሞች የሴትን መፅነስ በዚህ መንገድ ያውቁ ጀመር። ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ እንቁራሪቶች ከደቡብ አፍሪካ ወደ ሌሎች አህጉሮች ሐኪም ቤቶችና የምርምር ቤቶች ተላኩ። የፍጥረትን ምሥጢር የሚመረምሩ ሊቃውንትም ብዙ ተጠቅመውባታል፤ እንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ከእንቁራሪት ልጅ አንጀት ከተወሰደ ሕዋስ ሌላ ሙሉ እንቁራሪት ሊገኝ እንደሚችል በ1962 ባሳተሙት ሥራ ካሳዩ በኋላ፤ በዚሁ ሥራቸው በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በክፋት ሳይሆን በጥቅምና በዕውቀት ነው።

ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ያለ እንስሳ የሚፈጸም ምርመራ ስለ ተገኘ እንቁራሪቷ ለሐኪም ቤት የማታስፈልግ ሆነች። አንዳንዶቹ ተለቀቁ፤ አንዳንዶቹ አመለጡ፤ ሌሎቹም በለማዳ እንስሳት ነጋዴዎች እጅ ገብተው ለቤት ደስታ ተሸጡ። በካሊፎርንያ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በወንዝና በኩሬ ተገኙ። በፈረንሳይ ምዕራብ ዴ ሴቭር በተባለው አውራጃ ለምርምር ከምትረባበት ስፍራ ወጥታ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተስፋፋች። በፖርቱጋል ደግሞ በሊዝበን ከተማ አጠገብ በኦኤራሽ ጅረቶች ውስጥ መኖሯ በ2006 ታወቀ፤ ከ2010 ጀምሮም እርስዋን ከዚያ የማጥፋት ሥራ ተጀመረ። በገባችበት ኩሬ የአገሩን እንቁራሪት እንቁላልና ልጆች፤ ትንንሽ ዓሣዎችንና የውሃ ነፍሳትን ትበላለች፤ ኩሬው ሲደርቅ በጭቃ ተቀብራ ትቈያለች፤ በዝናብ ጊዜም በምድር ላይ ተሳባ ወደ ሌላ ኩሬ ትሻገራለች። እንግዲህ የ2024ቱ ክልከላ የጸናው ፍጥረቷ በፈረንሳይ ምድር አርባ ዓመት ያህል ከኖረች በኋላ መሆኑ ነው። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚህም ቀደም ብሎ ሌላ የከፋ ምሳሌ በአውስትራልያ ታይቶ ነበር። በ1935 በኩዊንስላንድ የሸንኮራ አገዳ ሥር የሚበላ የጢንዚዛ ትል ገበሬዎችን ስላስቸገረ፤ የአገሩ የስኳር ምርመራ መሥሪያ ቤት 102 ጓጉንቸሮች ከሀዋይ ደሴት አስመጣ። እነዚህም ጎርደንቬል በተባለች ከተማ አጠገብ ረብተው በዚያው ዓመት ልጆቻቸው በየእርሻው ተለቀቁ። ዋልተር ፍሮጋት የተባሉ በዕድሜ የገፉ የነፍሳት ሊቅ ነገሩ አደጋ እንዳለው አስጠነቀቁ፤ መንግሥትም ለጥቂት ጊዜ መልቀቁን ከለከለ፤ በ1936 ግን ክልከላው ተነሣና እስከ 1937 ድረስ የተለቀቁት 62 ሺህ ያህል ሆኑ። ጢንዚዛው አድጎ በአገዳው ቅጠል ላይ ከፍ ብሎ ስለሚውል ጓጉንቸሩ ሊደርስበት አልቻለም፤ የታሰበውም ጥቅም አልተገኘም። ጓጉንቸሩ ግን በቆዳው መርዝ ስላለው የሚበሉትን የአገሩን እባቦች፤ እንሽላሊቶችና ሌሎች አዳኝ እንስሳት እየገደለ፤ በ2001 ካካዱ ከተባለው የታወቀ የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ፤ በ2009 ደግሞ ከምዕራብ አውስትራልያ ወሰን ደረሰ። ዛሬ ቍጥሩ ከ200 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ልብ ሊባል የሚገባው፤ ይህን ያደረገው ሕግ ያፈረሰ ሽፍታ ወይም ስግብግብ ነጋዴ አለመሆኑ ነው፤ ለአገር ይበጃል ብሎ ያደረገው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ሕግ የሚያስፈልገው ለክፉ ሰው ብቻ ሳይሆን፤ በቅን ልብ ለሚቸኵልም ሰው ነው።

በአውስትራልያ ጉዳቱን ያመጣው መርዝ ነው፤ ዛሬ ግን ከመርዙ ይልቅ ሊቃውንትን የሚያስጨንቃቸው በሽታ ነው። ኪትሪድ የሚባል በዐይን የማይታይ የፈንገስ ማለት የሻጋታ ወገን በእንቁራሪት ቆዳ ላይ ያድራል። እንቁራሪት በቆዳዋ ትተነፍሳለች፤ ውሃዋንና ጨውዋንም በቆዳዋ ትመጥናለች፤ ስለዚህ ቆዳዋ ሲታመም የደሟ ጨው ጐድሎ ልቧ ይቆማል። ይህ በሽታ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀው በ1998 ነው። በ2018 የወጣ ምርምር መነሻው በምሥራቅ እስያ በኩል እንደሚሆንና በሃያኛው መቶ ዓመት ከእንስሳት ንግድ ጋራ ከአገር ወደ አገር እንደ ተዛመተ አመለከተ። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በዚህ በሽታ ምክንያት 501 የእንቁራሪትና የመሰሎቿ ዘሮች እንደ ቀነሱ፤ ከእነዚህም ውስጥ 90 ያህሉ ከምድር ጠፍተዋል ተብሎ እንደሚታሰብ ገለጠ።

የችግሩ ምሥጢር ግን እዚህ ላይ ነው። ጥፍራሟ እንቁራሪትና ድምፅዋ እንደ በሬ የሚያስገመግመው የአሜሪካ እንቁራሪት በሽታውን ይዘው ምንም ሳይታመሙ ሊኖሩ ይችላሉ። ሻጩ ጤነኛ ናት ብሎ ይሸጣል፤ ገዢውም ጤነኛ ናት ብሎ ያኖራል፤ የገንዳዋን ውሃ ወደ ቦይ በደፋ ጊዜ ግን ያላየውን ነገር አብሮ ደፋው። እንቁራሪቷ ሳትወጣ በሽታዋ ወጣ ማለት ነው። በሆላንድ አገር ደቡብ ጫፍ ይኖሩ በነበሩት ቢጫና ጥቍር ሳላማንደሮች ላይ የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው፤ ከ2010 ጀምሮ ሞት ገባባቸውና ከመቶ አራት ያህል ብቻ ቀሩ። በ2013 ሊቃውንት የገዳዩን ሻጋታ ማንነት ለይተው ስም አወጡለት፤ በሚቀጥለውም ዓመት ከእስያ በለማዳ እንስሳት ንግድ ሳይመጣ እንዳልቀረ አስታወቁ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደ ተባለ፤ ለሕፃን ደስታ በተከፈተው ቀዳዳ የአንድ ወገን ፍጥረት ጥፋት ገባ።

እንግዲህ መንግሥታት ይህን አይተው ያወጡት ሕግ አንድ ዐይነት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት መንገድ የተከለከሉትን ዘርዝሮ ማስታወቅ ነው። በ2014 የወጣው መሠረታዊ ደንብ ባዕድና ወራሪ የሆኑ እንስሳትና አትክልት በመዝገብ እንዲጻፉ አዘዘ። የመጀመሪያው መዝገብ በ2016 ሲወጣ 37 ዘሮች ነበሩበት፤ የአሜሪካ ባለ ታላቅ ድምፅ እንቁራሪትም ከእነርሱ አንዷ ነበረች፤ በ2022 ቍጥሩ 88 ሲደርስ ጥፍራሟ እንቁራሪት ተጨመረች፤ የክልከላው መጽኛ ቀን ግን እስከ 2024 ድረስ እንዲቈይላት ተደረገ። በመዝገቡ የተጻፈውን ፍጥረት ማስገባት፤ ማኖር፤ ማርባት፤ ማጓጓዝ፤ መሸጥ፤ መለዋወጥና መልቀቅ ክልክል ነው። ለምርምር የሚያስፈልግ ሲሆን ግን መንግሥት ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። መቀጫውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል።

የአሜሪካ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። በዚያ አገር የዱር እንስሳትን ንግድ የሚገዛው ጥንታዊ ሕግ በ1900 የወጣው የሌሲ ሕግ ነው። መንግሥት የሆላንድን ጥፋት አይቶ በጃንዋሪ 2016 በዚሁ ሕግ መሠረት 201 የሳላማንደር ዘሮች እንዳይገቡ ከለከለ፤ በሽታው በአሜሪካ ሳይታይ ስለ ሆነ ይህ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውን ምክር የተከተለ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ደንቡ እንቁራሪቶችን አይነካም፤ ስለ እንቁራሪት የሚከለክሉት ብዙውን ጊዜ የየግዛቱ ሕጎች ናቸው፤ ካሊፎርንያ የጥፍራሟን እንቁራሪት ወገን በሙሉ ያለ ፈቃድ ማኖርን ትከለክላለች፤ ሌላው ግዛት ግን ላይከለክል ይችላል። በአንዱ ከተማ በገበያ የሚሸጥ ፍጥረት ወሰን ሲሻገር የሚያስቀጣ ይሆናል ማለት ነው።

በዚህ ላይ ለሕግ ጸሓፊዎች ሁሉ ትምህርት የሚሆን አንድ ነገር ደረሰ። የሌሲ ሕግ ጐጂ የተባሉት እንስሳት በአሜሪካ አህጉራዊ ክፍል፤ በዋና ከተማው ወረዳ፤ በሀዋይ፤ በፖርቶ ሪኮና በሌሎች ግዛቶች «መካከል» እንዳይጓዙ ያዛል። መንግሥት ይህን ቃል ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሁሉ እንዳይጓዙ ማለት ነው ብሎ ብዙ ዓመት ሠራበት። የእንስሳት አርቢዎች ማኅበር ግን ስለ ትልልቅ እባቦች በተነሣ ክርክር ከሰሰ፤ በ2017 የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ቃሉ በአህጉሩ ላይ ባሉት ግዛቶች መካከል የሚደረገውን ጉዞ አይከለክልም ብሎ ፈረደ። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ማስገባት የተከለከለው ፍጥረት አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ በአገሩ ውስጥ ከግዛት ወደ ግዛት ሲጓዝ ይህ ሕግ የሚይዘው አይደለም። የአንዲት ትንሽ ቃል አገባብ የብዙ ዓመት አሠራር ሻረች። በቅኔና በትርጓሜ ያደጉ ሰዎች የአንድ ፊደል መለወጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉና ይህን ለማስረዳት ብዙ ነገር አያሻም።

ሦስተኛው መንገድ የአውስትራልያ ነው። እርስዋ በጓጉንቸሩ ከተቀጣች በኋላ የተከለከሉትን መዘርዘር ትታ የተፈቀዱትን መዘርዘርን መረጠች። በ1999 በወጣው ሕግ መሠረት በሕይወት ሊገባ የሚችለው እንስሳ በተፈቀደው መዝገብ ስሙ የተጻፈ ብቻ ነው፤ ስሙ ከሌለ ክልክል ነው፤ የባሕር ማዶ እንቁራሪት ለቤት ደስታ ማስገባትም አይቻልም። እንቁራሪት የሚወድ ሰው የአገሩን ዘር በሕጉ መሠረት ሊያኖር ይችላል። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ግልጥ ነው። የተከለከለውን የሚዘረዝር መንግሥት ጉዳቱ እስኪታወቅ ድረስ በሩን ክፍት ያደርጋል፤ የተፈቀደውን የሚዘረዝር ግን በሩን ዘግቶ ለሚታወቀው ብቻ ይከፍታል። የመጀመሪያው ለነጋዴው ይመቻል፤ ሁለተኛው ለአገሩ ውሃ ይመቻል።

እስካሁን የተናገርነው ፍጥረቱ ስለሚገባበት አገር ነው። ስለሚወጣበትም አገር ማሰብ ይገባል። በኮሎምቢያ፤ በማዳጋስካርና በመካከለኛው አሜሪካ ጫካዎች የሚኖሩ ቀለመ ብዙ እንቁራሪቶች በውበታቸው ምክንያት ይታደናሉ። ብዙ ሰው እነዚህ የሚከለከሉት ስለ መርዛቸው ይመስለዋል፤ ነገር ግን መርዙን የሚያገኙት በጫካው ከሚበሉት ጉንዳንና ሌሎች ትንንሽ ፍጥረታት ስለ ሆነ፤ በቤት የተወለዱት መርዝ የላቸውም። የተከለከሉት ንግዱ ከጫካቸው እንዳያጠፋቸው ነው። በ1973 በዋሽንግተን የተፈረመው የዱር እንስሳትና የአትክልት ንግድ ስምምነት መርዛም የቀስት እንቁራሪቶች የሚባሉትን በ1987 በሁለተኛው መዝገብ ጻፋቸው፤ በ2022 በፓናማ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ ሆዳቸው እንደ መስተዋት ውስጣቸውን የሚያሳየውን እንቁራሪቶች በሙሉ ጨመረ። በዚህ መዝገብ የተጻፈ ፍጥረት ከአገር ሊወጣ የሚችለው መንግሥት ፈቃድ ሲሰጥ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በጃንዋሪ 2024 በቦጎታ የአውሮፕላን ማረፊያ አንዲት መንገደኛ 130 መርዛም እንቁራሪቶች በፎቶግራፍ ፊልም ዕቃ ውስጥ አሽጋ ልትወጣ ስትል ተይዛለች፤ የአንዷም ዋጋ በገበያ እስከ አንድ ሺህ ዶላር እንደሚደርስ የአገሩ ሹማምንት ተናግረዋል። ዋጋ ባለበት ሕግ ብቻውን ዘበኛ ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ ክርክር እንምጣ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ወንጀለኞች አይደሉም። ብዙዎቹ ትዕግሥተኞች፤ ፍጥረትን የሚወዱ፤ እንቁራሪቶቹ በቤት እንዲረቡ በማድረግ ከጫካ የሚታደኑትን እንቀንሳለን የሚሉ ናቸው። «በቤቴ በገንዳ ያኖርኋት እንቁራሪት ማንን በደለች? መንግሥትስ እስከ ጓዳዬ ድረስ ምን ያገባዋል?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ ንቆ የሚታለፍ አይደለም፤ ሰው በቤቱ ያለውን ነገር መንግሥት ያለ ምክንያት ሊነካው አይገባምና። መልሱ ግን ይህ ነው፤ በቤት ውስጥ ያለው የአንድ ሰው ነው፤ ከቦዩ የወጣው ግን የሁሉ ነው። የገንዳው ባለቤት ሊከፍለው የማይችለውን ዕዳ በጎረቤቱ ወንዝ ላይ ሊጽፍ መብት የለውም። ሰውም ዝንጉ ነው፤ ባለቤት ይታመማል፤ ቤት ይለውጣል፤ ልጅ ይሰለቻል። በገንዳ ውስጥ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ልትኖር የምትችል ፍጥረት የገዛት ሕፃን ጐልማሳ እስኪሆን ትቈየዋለች። ያን ጊዜ የሰለቻት ሰው ሊገድላት አይጨክንም፤ ሊሸጣትም አይችልም፤ በጨለማ ይዞ ወደ ወንዝ ይወስዳታል፤ ምሕረት ያደረገም ይመስለዋል።

የሕጉ ጥበብ ወይም ስንፍና የሚታየው በዚች ሰዓት ነው። አንድ መንግሥት በድንገት ተነሥቶ «ይህ ፍጥረት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው፤ የተገኘበት ሰው ይቀጣል» ብሎ ዝም ቢል ምን ይሆናል? ትናንት በገበያ በግልጥ የገዛ ሰው ዛሬ ወንጀለኛ ይሆናል። ለሹም ቢያሳውቅ መቀጫ፤ ቢያኖር ፍርሃት፤ ስለዚህ በሌሊት ወደ ወንዝ። አንድ መቶ ሰው እንዲህ ቢያደርግ በአንድ መቶ ስፍራ ተለቀቀች ማለት ነው። ፍጥረቷ እንዳትለቀቅ የተጻፈው ሕግ ራሱ ለቀቃት። ቅጣትን ማክበድ ይህን አያድነውም፤ ይልቁንም ያብሰዋል፤ ቅጣቱ በከበደ መጠን የሚፈራው ሰው ይበዛል፤ የሚደበቀውም ይበዛልና።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በ2014ቱ ደንብ በ31ኛው ክፍል እንደ ተጻፈው፤ እንስሳው በመዝገብ ከመጻፉ በፊት ለንግድ ሳይሆን ለቤት ደስታ ያኖረው የነበረ ሰው፤ እንዳያመልጥና እንዳይረባ አድርጎ እስከ ጠበቀው ድረስ በተፈጥሮ ዕድሜው እስኪሞት ሊያኖረው ይፈቀድለታል። ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነም መንግሥት እንስሳውን ሊረከበው ይችላል፤ ስለዚህም ነገር ባለቤቶችን ማስተማር ይገባል ይላል። ለነጋዴዎችም በእጃቸው ያለውን የሚጨርሱበት የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቷል። ሀዋይ ደግሞ የበረታ ቅጣት አላት፤ ክልክል የሆነ እንስሳ ያስገባ ሰው እስከ 200 ሺህ ዶላር መቀጫና እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርስበታል። ከፖርቶ ሪኮ በአትክልት ተሸሽጋ የገባች ኮኪ የምትባል ትንሽ እንቁራሪት በሌሊት ጩኸቷ የሀዋይን ሰዎች እንቅልፍ ነስታቸዋለችና ደሴቲቱ ብትጨክን አያስደንቅም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ጭካኔ አጠገብ አንድ በር ክፍት ነው፤ ምርመራ ሳይጀመርበት በፈቃዱ እንስሳውን ያስረከበ ሰው አይከሰስም። ቅጣቱ ለሚደብቅ፤ ምሕረቱ ለሚያስረክብ ሆኖ ሁለቱ ተደጋግፈው ይሠራሉ። ምሕረት የሌለው ቅጣት ሰውን ወደ ጨለማ ይነዳል፤ ቅጣት የሌለው ምሕረትም ዋዛ ይሆናል።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው? በአገራችን እንቁራሪት በገንዳ የሚያኖር ማን ነው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ልማዱ በእኛ ዘንድ የለም። ዳሩ ግን ነገሩ በሁለት በኩል ይነካናል። በአንድ በኩል ኢትዮጵያ በሌላ አገር የማይገኙ የእንቁራሪት ዘሮች ያሏት አገር ናት፤ በባሌ ተራሮችና በሐረና ጫካ ብቻ የሚኖሩ አሉ፤ የኪትሪድ ሻጋታም በደጋው አገራችን መኖሩ በ2012 በወጣ ምርምር ታውቋል። በ1989 የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባል የሆነች አገር እንደ መሆኗም፤ ሊወሰድ የሚችለውን ሀብቷን አውቃ መጠበቅ ይገባታል። ያልታወቀ ዕቃ ሲሰረቅ ባለቤቱ አያውቅምና። በሌላ በኩል ባዕድ ፍጥረት ወደ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ወደ አውስትራልያ መሄድ አያሻንም፤ በ2011 በጣና የታየው እምቦጭ የዓሣ አጥማጁን መረብና የታንኳውን መንገድ እንዴት እንደ ዘጋ የባሕር ዳርና የጎንደር ሰው ምስክር ነው። በእጅና በማሽን ሲነቀል የዋለው ሁሉ፤ አንድ ጊዜ የገባን ነገር ማስወጣት ምን ያህል ሕዝብና ገንዘብ እንደሚፈጅ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር አጭር ነው። የጉምሩክ ሹም በሳጥን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፍጥረት ትንሽ ናት ብሎ አይለፋት፤ ባለቤቷ የሚያውቀው ውበቷን እንጂ በቆዳዋ ያለውን አይደለምና። ሕግ ጸሓፊው ቃሉ ነገ በፍርድ ቤት እንዴት እንደሚነበብ ዛሬ ያንብበው። የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን የሚለየው መሥሪያ ቤትም ጉዳቱ እስኪታይ ሳይጠብቅ ይመርምር። ከሁሉ በላይ ግን፤ አዋጅ በሚነገርበት ቀን «አታድርግ» ከሚለው ቃል አጠገብ «ያለህን ወደዚህ አምጣ፤ አትከሰስም» የሚል ቃል ይጻፍበት፤ መረከቢያ ስፍራውና የሚረከበው ሰውም አስቀድሞ ይዘጋጅ። ሕዝብን የሚያስተምሩ ሰዎች ደግሞ የሰለቹትን ፍጥረት ወደ ወንዝ መልቀቅ ምሕረት ሳይሆን በወንዙ ላይ የሚፈጸም በደል መሆኑን ቢነግሩ፤ ከብዙ ዘበኛ የሚበልጥ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ዘበኛ በሌሊት በየወንዙ ዳር ሊቆም አይችልም፤ የተማረ ሕሊና ግን ከባለቤቱ ጋራ አብሮ ይሄዳል።